የመጀመሪያው መስመር

ሲቲ ከሱብሂ ሶላት ተነሥታ ወደ ምድጃዋ አልሄደችም። የልጇን የሀውራን ፍራሽ ከጓዳ ጎትታ አወጣችና ግቢው መሀል ካለው ድንጋይ ላይ ዘርግታ በመጥረጊያ እጀታ ትደበድበው ጀመር። ሁለት ዓመት ሰው ያልተኛበት ፍራሽ ነው፤ የሚወጣው አቧራ የጉድ ነው። ወንድ ልጇ ሙሐዲን የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ በረንዳው ላይ ቆሞ ያያታል። ባሏ እንድሪስም መስገጃቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ከበሩ ሥር ያያሉ። አባትና ልጅ ግን እርስ በርስ አልተያዩም። ከአጥር ማዶ ጎረቤቷ ኑርሀያት «ምነው ሲቲ፣ በጠዋቱ ማንን ነው የምትገርፊው?» ብላ ብትጮህ፣ ሲቲ እጇን ሳታሳርፍ «የልጄ ስም ዛሬ ሊገባ አይደል! ያንቺስ ፍራሽ ተናፈሰ?» አለቻት። ኑርሀያት ሳቀች። የእሷም ልጅ ኢቲሳም ያለችው እዚያው ሀውራ ያለችበት ነው።

ሙሐዲን አረፋውን ተፍቶ «እማ፣ ስሟ መግባቱና እሷ መምጣቷ ለየቅል ነው» ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ዋጠው። በዚያ ቤት ነገር መዋጥ ልማድ ነው። የዛሬ አራት ዓመት የሲቲ ወንድም ሲሞት፣ ደም ግፊት አለባት ተብሎ ሞቱን ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብቀዋታል። «ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ሐኪሙ ጠያቂ አይግባ ብሏል» እያሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ሽማግሎች ግቢዋን ሞልተው ስታይ ገባት። ከዚያ ወዲህ ሲቲ የሚነገራትን ትታ የሚነግራትን ሰው ፊት ሆነ የምትሰማው። ባልና ልጅ ደግሞ የራሳቸው የተዋጠ ነገር አላቸው። ሀውራ የሄደችበትን መታወቂያ ያስወጣው ማመልከቻ የተጻፈው በእንድሪስ እጅ ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመቷን ሃያ ሁለት አድርገው። ለምና አልቅሳ ነው ያስጻፈቻቸው፤ ቢሆንም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ሙሐዲን አንድም ቀን ደፍሮ አልተናገራቸውም፣ እሳቸውም አንድም ቀን አላነሡትም። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሠራሉ፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀውራ ዓረብ አገር የስደተኞች ማቆያ ውስጥ ከገባች ስምንት ወሯ ነው። በባሕር የሄደች ልጅ ፓስፖርት ከየት ታመጣለች? ፓስፖርት የሌላት ደግሞ አገሯ እንድትመለስ «ልጃችን ናት» የሚል ቤተሰብ ያስፈልጋታል፤ የወላጅ መታወቂያ፣ የልጅቱ ፎቶ፣ የቀበሌዋ ስም። ይህ ሁሉ በቴሌግራም ሲላክ ነው የኖረው፤ የአንዷ ፎቶ ከሌላዋ መታወቂያ ጋር እየተደባለቀ ስንቷ በሰው ስም ቀረች! በመጨረሻ ዙሌይካ የምትባል የዚሁ የሐይቅ ከተማ ልጅ፣ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች በእረፍቷ ለታሰሩት የምትሯሯጥ፣ ሰነድ የሚያጣሩትን ሰዎች አግባብታ መላ ይዛ መጣች። ድረ ገጽ ይሠራ፣ ቤተሰብ እዚያ ላይ ይሙላ፣ ለእያንዳንዷ ልጅ ቁጥር ይውጣላት፣ እነሱ ዝርዝሩን ራሳቸው ከዚያ ያወርዱታል። የዚህ ዙር መዝጊያ ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ቀጣዩ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ባለፈውና በዚህኛው መካከል ሰባት ወር አለ። ሙሐዲን ድረ ገጹን በሦስት ቀን ሠራው። ትናንት አመሻሹ ላይ ሲሞክረው ምንም ሳያንገራግር ሠርቶለታል።

ሱቃቸው ከዋናው አስፓልት ዳር፣ ወልዲያ መውጫው ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በግራ የልጅ ጠረጴዛ ነው፤ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ሲሞቅ የሚጮህ የፎቶ ኮፒ ማሽን። በቀኝ የአባት ጠረጴዛ፤ አንድ እሽግ ወረቀት፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ባዶ ወንበር። ያ ወንበር ድሮ ባዶ አልነበረም። እንድሪስ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጽፈዋል፤ የመሬቱን፣ የፍቺውን፣ የውርሱን። ኮምፒውተር መጥቶ እንጀራቸውን ሲቀማቸው ልጃቸው በሁለት ጣት መተየብ አስተማራቸው። አንድ ነገር ግን አልለቀቃቸውም፤ ከራሱ ላይ ቢስሚላህ ያልተጻፈበት ወረቀት ከእጃቸው አይወጣም። የፍርድ ቤት ማመልከቻ ቢሆን፣ የዘይትና የሽንኩርት ዝርዝር ቢሆን፣ «ፎቶ ኮፒ አምስት ብር፣ ስካን አሥር ብር» የሚለው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንኳ ቢሆን፣ መጀመሪያ «ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም» አለ። ከእስጢፋኖስ ገዳም ለፎቶ ኮፒ ብቅ የሚሉት መነኩሴ ማስታወቂያውን እያዩ «እኛ በስመ አብ፣ እርስዎ ቢስሚላህ፤ ዋጋው ግን ያው አምስት ብር!» ብለው ይቀልዱባቸዋል።

ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ ሲከፈት ሃያ አንድ ቤተሰብ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። ከከተማው ያለው አለ፣ ከአርዲቦ በኩል ገና በጨለማ የተነሣው አለ፤ ሁሉም በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዟል። ከሀውራ ጋር ሃያ ሁለት መሆናቸው ነው። ሙሐዲን «ቢስሚላህ» ብሎ ድረ ገጹን ከፈተ። ነጭ ገጽ መጣ። ከላዩ 500 የሚል ቁጥር፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር፤ ሰርቨሩ ውስጥ ስህተት ተፈጥሯል ይላል። ምን ዓይነት ስህተት? እሱን አይናገርም። ዘግቶ ከፈተ፣ ያው 500። በስልኩ ሞከረው፣ 500። ፊቱን ወደ ሰዉ አዞረና «ትንሽ ታገሡኝ፣ አሁን ነው» አለ። ያችን «አሁን ነው» በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንዳላት አላህ ነው የሚያውቀው።

ድረ ገጹ ያደረው የጋራ ሆስቲንግ በሚሉት ቤት ነው። የኪራይ ግቢ አስቡት፤ አንድ ግቢ፣ አርባ ተከራይ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ። ርካሽ ነው፣ እንደ ሙሐዲን ላለ ሰው ሌላ አማራጭ የለም። ነገር ግን ቆጣሪውን ልይ ብትል አከራዩ ቁልፉን አይሰጥህም። ስህተቱ የት መስመር ላይ እንዳለ የሚናገረውን መዝገብ ለማየት ውዱን ኪራይ መክፈል አለብህ። እሱ ከሌለህ እንግዲህ በዳበሳ ነው። ሙሐዲን ዳበሰ። የጻፈውን ስክሪፕት፣ ማለትም ሰርቨሩ መስመር በመስመር እያነበበ የሚፈጽመውን ትእዛዝ፣ ከራሱ ቅጂ ላይ እንደ አዲስ ጫነው፤ አልሠራም። ማን ያንብበው ማን ይጻፍበት የሚለውን ፈቃድ ቀየረ፤ አልሠራም። ተስፋ ቆርጦ ፋይሉን ለሁሉም ክፍት አደረገው፤ አሁንም 500፣ ደንግጦ መለሰው። የይለፍ ቃሉን ቀየረ። የስክሪፕቱን ቋንቋ ከአዲሱ ወደ አሮጌው፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አመላለሰ። ለሆስቲንጉ ሰዎች ጻፈ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ «ውድ ደንበኛችን፣ ሰርቨራችን በትክክል እየሠራ ነው፤ እባክዎ ስክሪፕትዎን ይፈትሹ» የሚል መለሱለት። ጥፋተኛው መቼም ተከራዩ ነው። በስጨት ብሎ «ፈትሼዋለሁ!» ብሎ ጻፈላቸው፤ ለዚህኛው መልስም አልሰጡት።

እንድሪስ ከበስተቀኝ ሆነው ሰዉን ያረጋጋሉ። ተራ እንዳይምታታ ብለው ወረቀት በምላጭ እየቆራረጡ ቁጥር ጻፉ፤ በእያንዳንዷ ቁራጭ ራስ ላይም በደቃቁ ቢስሚላህ። አንድ ሁለቴ «ልጄ፣ ምን አለ?» ብለው ጠየቁት። «ምንም አባ፣ ትንሽ ነገር ናት» አላቸው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። ሴቶቹ መጀመሪያ ላይ ይቀልዱ ነበር፤ «ሙሐዲን፣ ማሽንህ ቁርስ አልበላም እንዴ?» እያሉ። ረፋዱ ላይ ቀልዱ አለቀ። ስለ ጤፍ ዋጋ ወሬ ተጀመረ፤ እሱም አለቀ። ከመንገዱ ማዶ ዓሣ የሚጠብሱበት ዘይት ሽታ እየገባ ያልበላውን ሰው ሁሉ ያቅለሸልሸዋል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት ጠፋ። አሮጌውን ላፕቶፕ አውጥቶ በስልኩ ዳታ ቀጠለ፤ ባትሪው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሰዉ ለዙሁር ሶላት ወጥቶ ተመለሰ፤ እሱም ሰግዶ መጣ፣ ምን ብሎ እንደሰገደ ግን አያውቅም።

ከአርዲቦ የመጡት አዛውንት ሀሚዱ የተነሡት ያኔ ነው። የልጅ ልጃቸውን ፎቶና መታወቂያቸውን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «የኔ ልጅ፣ ከብቶቹ ሰው የላቸውም፣ መመለስ አለብኝ። ይህን ነገር እኔ አላውቅበትም፤ አንተ ታውቃለህ። አደራ ነው» አሉት። ሙሐዲን «አብሽሩ አባባ፣ ይገባል» አላቸው። እንድሪስ ተነሥተው እስከ አስፓልቱ ሸኟቸው፣ ሲመለሱ ላስቲኩን ከልጃቸው ጠረጴዛ ላይ አንሥተው በራሳቸው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት።

መብራቱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ፣ የዙሌይካ የድምፅ መልእክትም አብሮ ገባ። አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት እያንሾካሾከች ነው። «ሙሐዲን፣ ወላሂ እስካሁን አንድም ስም የለም፣ ሰዎቹ እየጠየቁኝ ነው። በቴሌግራም ልላክ ያልከውን ተወው፣ ቁጥር የሌለውን አንቀበልም ብለዋል። ሀውራ ትናንት በሰው ስልክ ደውላልኝ ‹ነገ ስሜ ይገባል አይደል?› ስትለኝ በአላህ ስም ነው የማልኩላት። እና እባክህ።» ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቢሰማውም ድምፁ ወጥቷል። እንድሪስ የእስክሪብቷቸውን ክዳን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

አእምሮው የሠራለት ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ሌላ የሚነካካው ነገር ሲያጣ። አንዲት ገጽ ከፍቶ «ሰላም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጻፈባትና ስክሪፕቱ ካለበት ፎልደር ውስጥ አኖራት። ከፈታት። 500። «ሰላም» ውስጥ ደግሞ ምን ስህተት ይገኛል? ያችኑ ገጽ አንሥቶ ከጎን ካለው ሌላ ፎልደር አስገባት። «ሰላም» ብላ ቁጭ አለች። ሙሐዲን ከወንበሩ ብድግ አለ። ስክሪፕቱ አይደለም ማለት ነው! ቀኑን ሙሉ ያለ ጥፋቱ ሲገርፈው ነው የዋለው። የተዘጋው የፎልደሩ በር ነው። በሩ ላይ ደግሞ አንዲት ፋይል አለች፤ ስሟ በነጥብ ስለሚጀምር ካልጠየቋት የማትታይ፣ ሰርቨሩ ማንንም ከማስገባቱ በፊት ቀድሞ የሚያነባት። ሦስት መስመር ናት፣ ትናንት አመሻሹ ላይ መጨረሻ የነካው እሷን ነው። ከዚያ የፕሪንተር ቀለም ሊገዛ ሲሮጥ እንደተከፈተች ትቷት ነው የወጣው። አባቱ ሱቁን ሊዘጉ ቀርተው ነበር። «ይቺስ ምንድን ናት?» ብለውት «ሰው ሁሉ የሚገባው በእሷ በኩል ነው አባ» ብሎ ቀልዶ መሄዱ ትዝ አለው።

የተደበቁትን አሳይ የሚለውን ተጫነና ፋይሏን ከፈተ። አራት መስመር ናት። ከእሱ ሦስት መስመሮች በላይ፣ ከሁሉም ራስ ላይ፣ «ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም» ይላል።

ማሽን ቢስሚላህን አይጠላም፣ አይወድምም። የሚያውቃቸው ጥቂት ትእዛዞች አሉ፤ የማያውቀው ቃል በሩ ላይ ሲገጥመው ሁሉንም ዘግቶ ይቀመጣል። ሙያው ይኸው ነው። ሙሐዲን ከጀርባው የሰው ትንፋሽ ሰማ። እንድሪስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ ብለው ስክሪኑን ያያሉ። የጻፉትን አላጡትም። «እሷ ናት?» አሉ ቀስ ብለው። ሁለት ዓመት የዋጠው ሁሉ ባንዴ መጣበት፤ የማመልከቻው፣ የሃያ ሁለቱ ዓመት፣ የዛሬው ቀን። እጅዎ ምን ነክቶት ነው፣ ብሎ ሊጮህባቸው ዞረ። የታችኛው ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየ።

«አዎ አባ» አላቸው።

«ልታጠፋው ነው?»

«አላጠፋውም። ባለበት ይቆያል።»

እውነቱን ነው። ከመስመሩ ፊት አንዲት ምልክት ብቻ አኖረ፤ ማሽኑን ይህቺን ዝለላት የምትል፣ ከአንድ ፊደል የማትበልጥ ምልክት። አስቀመጠው። ድረ ገጹን ከፈተ። ፎርሙ ግጥም ብሎ መጣ። ኑርሀያት እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሌሎቹም ተቀበሏት፣ መንገድ ላይ የሚሄድ ባጃጅ ሳይቀር ቆሞ አየ። የግድግዳው ሰዓት ለአሥር አሥራ ዘጠኝ ጉዳይ ይላል።

የሙሐዲን እጅ ቀጥ ብሎ የሄደው ሰማያዊዋ ክላሰር ላይ ነው፤ የሀውራ። ከላይ ነው ያስቀመጣት። የአባቱ እጅ ቀድሞ ደረሰና ክላሰሯን ያዘ።

«የሰው ይቅደም» አሉ።

«አባ፣ ጊዜ የለንም! አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «እነዚህ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጡት በኔ ነው። የኔን ልጅ አስቀድሜ ዓይናቸውን አላይም።» ከዚያ ክላሰሯን ከሁሉም ሥር አድርገው የኑርሀያትን ወረቀት ሰጡት። ሙሐዲን እምቢ ማለት ይችል ነበር። ልቡም እምቢ በል ብሎታል። ግን እልህም ያዘው፤ እንግዲያው ይሁንልዎ የሚል እልህ። ቀኑን ቆይቶ ሲያስበው ከሁሉ የሚቆጠቁጠው ይህ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ መጻፍ ጀመረ።

ኔትወርኩ መጀመሪያ ላይ ታዘዘ። ስም፣ ቀበሌ፣ መታወቂያ፣ ፎቶ፣ ላክ፤ ቁጥር አንድ። ኑርሀያት ቁጥሯን በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ አስጻፈችና የእንድሪስን ትከሻ ሳመች። «አላህ ሀውራን በሰላም ያምጣልዎ፣ እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠን ነበር!» አለቻቸው። እንድሪስ ወደ ደጅ ወጡ፤ ወዲያው ተመልሰው ወረቀት ማቀበል ያዙ። ሙሐዲን እንደዚያ ፈጥኖ ጽፎ አያውቅም፤ ላቡ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል፣ የአንዷን መንደር በሌላዋ እንዳይጽፍ ጮክ ብሎ ያነባል። ቁጥር ሃያ ሲወጣ ለአሥር አምስት ጉዳይ ሆነ። ሁለት ቀሩ። እጁን ለክላሰሯ ዘረጋ፤ እንድሪስ ግን መሳቢያቸውን ከፍተው የሀሚዱን ላስቲክ አወጡ። «አባ፣ ሰውየው እኮ እዚህ የሉም!» አላቸው፣ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ለዚያ ነዋ» አሉት። «አደራ ብለው ነው የሄዱት።»

የሀሚዱ የልጅ ልጅ ፎቶ ሲላክ ኔትወርኩ ደከመ። ሰማያዊዋ መስመር እስከ ግማሽ ሄዳ ቆመች። ቁራጭ ሄደች፣ ቆመች። ሙሐዲን አቋርጦ የእህቱን ሊጀምር ጣቱን አንሥቶ ነበር፤ ካቋረጠ የልጅቱ ይጠፋል። ጣቱን መለሰ። ቁጥር ሃያ አንድ ሲወጣ አሥር ሰዓት ለመሙላት የቀረው ሰኮንድ ነው። የሀውራን ስም ጻፈ፣ ፎቶዋን አያያዘ፣ ላክ አለ። «የዚህ ዙር ምዝገባ ተጠናቋል» የሚል መጣ። ይህን መስመር የጻፈው ራሱ ነው፣ ሰዓቱን የቆለፈውም ራሱ። ሰብሮ ገባ፣ ሰዓቱን አራዘመ፣ በግድ ቁጥር ሃያ ሁለትን አወጣላት። አሥር ሰዓት ከአራት ሆኗል። የዙሌይካ መልእክት ደረሰ። «አልሀምዱሊላህ፣ አውርደውታል፣ ሃያ አንድ ስም ነው። አሁን ሥራ ልገባ ነው፣ ስልኬን እስከ ነገ እዘጋለሁ። የሀውራን ግን አላየሁትም፣ ረሳችኋት እንዴ?» ደወለላት። ዘግታለች።

ሱቁን ዘግተው ወደ ቤት ሲወርዱ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሄዱ። ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ የእንድሪስን ነጠላ ያርገበግበዋል። መንገድ ላይ አንዴ ቆመው ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ «ለእናትህ የምነግራት እኔ ነኝ» አሉ።

ሲቲ አጥሩ ሥር ከኑርሀያት ጋር ቆማለች። የሀውራ ክፍል በር ላይ የታጠበው መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ፍራሹ ገብቶ ተነጥፏል። ኑርሀያት መዳፏን ዘርግታ ቁጥሯን ታሳያታለች። ሲቲ ባሏን ስታይ ፈገግ እንዳለች ወደ እሳቸው መጣች። «የሀውራስ ቁጥሯ ስንት ነው?»

«ሲቲ፣ እስቲ ተቀመጪ» አሉ እንድሪስ።

ይህን ማለት አልነበረባቸውም። ፈገግታዋ ከፊቷ ወረደ። አልተቀመጠችም።

«አልገባችም» አሉ። «የኔ ጥፋት ነው። ትናንት ከበሩ ላይ ቢስሚላህ ብዬ ጻፍኩበት። እሱ ነው ያበላሸው።»

ሲቲ ቃላቸውን አልሰማችም፤ ፊታቸውን ነው የሰማችው። ያለቀሰ ፊት ነው። ወደ ልጇ ዞረች፣ የእሱንም አየች።

«ቢስሚላህ ነው ያበላሸው?»

«እማ፣ ማሽኑ እኮ…» አለ ሙሐዲን። የማትታየዋን ፋይል፣ በነጥብ የሚጀምረውን ስም፣ ቀድማ የምትነበበውን መስመር ሊያስረዳት አፉን ከፈተ፤ ከየት ይጀምር? ለራሱ እንኳ ሲሰማው ውሸት ውሸት አለው።

«የኑርሀያት ገባች፣ የሰው ልጅ ሁሉ ገባች፣ የኔ ብቻ በቢስሚላህ ቀረች?» ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ። «በቢስሚላህ የተበላሸ ነገር የት አገር ነው ያለው? ያኔ ደሴ ሆስፒታል ነው አላችሁኝ፣ አሁን ደግሞ አንቱ ሰው ይህን አመጡልኝ። ልጄ መቼ ነው የሞተችው?»

«አልሞተችም! ትናንት ደውላለች እማ፣ ወላሂ!»

«እንግዲያ አሁን አስደውልልኝ!»

ስልኩን አወጣ። የሰው ስልክ ነው የደወለችበት፣ ቁጥሩም ዙሌይካ ጋ ነው ያለው። ዙሌይካ ዘግታለች። ደግሞ ደወለ። ሲቲ ፊቱን እያየች ጠበቀችው፤ ጥሪው ሳይነሣ ሲቀር ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ያንን ጩኸት ሐይቅ ያውቀዋል፣ ማንም ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። ከሁሉ ቀድማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የገባችው ኑርሀያት ናት፣ ቁጥሯ መዳፏ ላይ እንዳለ። ከዚያ ሰዉ በየበሩ ወጣ። ሙሐዲን ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ «አልሞተችም፣ ስሟ ነው ያልገባው» ይላል፤ ሰዉ «አይዞህ፣ አብሽር፣ አላህ ሰብር ይስጥህ» እያለ ትከሻውን ይደባብሰዋል። ሐዘን ያናወዘው ሰው ስንት ነገር ይላል። የመግሪብ ሶላት ሲደርስ ግቢው ሞላ። ለሽማግሎቹ መቀመጫ ሲጠፋ አንዱ ገባና የሀውራን ፍራሽ ተሸክሞ አወጣው።

እንድሪስን ፍራሹ ላይ አስቀመጧቸው። ሁለት ጊዜ «ልጄ በሕይወት አለች» ብለዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰዉ አንገቱን ደፋ። ዱዓ ሊያደርጉ የመጡት ሼህ ጠጋ ብለው «ስንት ዓመቷ ነበር?» አሏቸው። እንድሪስ መስገጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው» አሉ።

ከጎናቸው የተቀመጠ የቀበሌ ሰው «ሃያ አራት አይደለች እንዴ?» አለ። «መታወቂያዋ እኮ…»

«አሥራ ዘጠኝ ነው» አሉ እንድሪስ፣ አሁን ሁሉም እንዲሰማ። «የመታወቂያውን ማመልከቻ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሙሐዲን አጥሩን ተደግፎ ሰማቸው። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፤ ዙሌይካ አሁንም አልከፈተችም።